ባልደርስ ጌት 3፦ ውጊያውን ማሸነፍ፣ ጓዶቹንም ማትረፍ

ባልደርስ ጌት 3 ላይ ብዙ ተጫዋች ውጊያውንና የጓዶቹን ታሪክ ለየብቻ ይይዛቸዋል። ጠላት ሲመጣ ይዋጋል፣ ካምፕ ሲገባ ያወራል፣ በቃ። ጌሙ ግን ሁለቱን አያይዞ ነው የሠራቸው። የጓዳችሁን የካርላክን ልብ የሚያክመው አንጥረኛ የሚተርፈው እናንተ አንዲት የማታውቋትን ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ከበባ መሀል መጠበቅ ከቻላችሁ ነው። ሌላው ጓድ ዊል አባቱን በሕይወት የሚያገኘው ከባሕር በታች ባለ እስር ቤት ውስጥ በጥቂት ዙር ብዙ መንገድ መሮጥ ከቻላችሁ ነው። ስለዚህ እዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማስኬዳቸው። መጀመሪያ ማን መትረፍ እንዳለበት፣ ከዚያ ውጊያው እንዴት እንደሚያዝ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ጌሙን የሠራው የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮስ ነው። በነሐሴ 2023 በፈረንጆቹ በኮምፒውተር ወጣ፣ በመስከረም ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደረሰ። ሕጉ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ነው። በአንድ ጊዜ የምታንቀሳቅሱት አራት ሰው ነው፣ ከፍተኛው ሌቭል 12። ከዚህ በታች የታሪኩን ፍጻሜዎች በግልጽ እናገራለሁ፤ ሳታውቁ መጫወት የምትፈልጉ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ብቻ አንብቡ።

1. ቡድኑን አስተካክሉ

መጀመሪያ ላይ የሚሰጧችሁን ሰዎች እንዳሉ መያዝ ግዴታ አይደለም። ከመርከቡ መከስከስ በኋላ ባለው የመቃብር ፍርስራሽ ውስጥ ዊዘርስ የሚባል አጽም ታገኛላችሁ። ካለፋችሁትም በኋላ ራሱ ካምፕ ይመጣል። በ100 ወርቅ የማንኛውንም ጓድ ሙያ ከዜሮ ያስመርጣችኋል፣ በ200 ወርቅ ደግሞ የሞተ ያስነሳል። 100 ወርቅ በዚህ ጌም ምንም ማለት አይደለም። አትሰስቱ።

እኔ መጀመሪያ የምቀይረው ቄሷን ሻዶውሃርትን ነው። ስትመጣ የያዘችው የማታለል ዘርፍ ውጊያ ላይ ብዙ አይረዳም። ወደ ሕይወት ወይም ወደ ብርሃን ዘርፍ አዙሯት፤ ታሪኳ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፣ ቡድኑ ግን ወዲያው ይጠነክራል። ከዚያ ውጪ ከፊት የሚቆም አንድ ብርቱ፣ ለምሳሌ ካርላክ ወይም ሌይዜል፣ አንድ አስማተኛ፣ አንድ ቁልፍ የሚከፍትና ወጥመድ የሚያከሽፍ ሰው ካላችሁ ይበቃል። አራተኛው ቦታ ለታሪክ ይሁን። የምትሄዱበት ቦታ የማን ጉዳይ እንደሆነ እያያችሁ ያንን ሰው አስገቡ። ይሄ ነገር በኋላ ዋጋ አለው።

ጌሙ በአማርኛ የለም፤ ንግግሩም ብዙ ነው። የታችኛውን ጽሑፍ አብሩት፤ መልስ ከመምረጣችሁ በፊት ሁሉንም አማራጭ አንብቡ። አንድ ጓድ ለዘለቄታው የሚሄደው ብዙ ጊዜ ተቻኩሎ በተመረጠ አንድ መስመር ነው።

2. ውጊያው ሳይጀመር ግማሹን ጨርሱት

አንድ ተራ ላይ መንቀሳቀስ፣ አንድ ዋና ድርጊትና አንድ ትርፍ ድርጊት አላችሁ። ጀማሪ ትርፉን ይረሳዋል። መግፋትና መዝለል፣ መድኃኒት መጠጣትም ትርፍ ድርጊት ነው። ተራው ከማለቁ በፊት ሁለቱን ምልክቶች እዩ። ያልተጠቀማችሁበት ካለ የባከነ ነው።

ከፍታ ያዙ። ከላይ ወደ ታች ስትወረውሩ ወይም ስትተኩሱ በዳይሱ ላይ 2 ይጨመርላችኋል፣ ከታች ወደ ላይ ከሆነ 2 ይቀነስባችኋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ቀስተኛችሁን ጣሪያ ላይ ስታወጡት ጠላት እሱ ጋ ለመድረስ አንድ ሙሉ ተራ ያባክናል፤ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነገር ንግግር ነው። ጠላት ከሚሆን ሰው ጋር የሚያወራው አንዱ ብቻ ይሁን። ሌሎቹን ሦስቱን ከቡድኑ ነጥላችሁ ቀድማችሁ ቦታ ቦታቸውን አስይዙ፦ አስማተኛው ከፍ ያለ ቦታ፣ ብርቱው በር ላይ፣ ሌላው ከጠላት ጀርባ ተደብቆ። ወሬው ወደ ጠብ ሲዞር ሁሉም ቦታው ላይ ነው። አራታችሁም ተያይዛችሁ ገብታችሁ ስታወሩ ግን አንድ እሳት ሁላችሁንም ይፈጃችኋል።

አሁን አንድ ነገር በዝርዝር ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ከየትኛውም መሣሪያ በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ውኃ። የረጠበ ሰው መብረቅና ብርድ እጥፍ ይጎዳዋል። ሻዶውሃርት ከሌቭል 1 ጀምሮ ውኃ የማዝነብ ድግምት አላት፤ እሱ ከሌለም የውኃ ጠርሙስ መወርወር ይበቃል። አስማተኛው ጌል ሌቭል 5 ላይ ሲደርስ የሚያገኘው የመብረቅ ድግምት ስምንት ባለ 6 ፊት ዳይስ ነው፣ በአማካይ 28 ጉዳት። ጠላት ረጥቦ ከሆነ 56። ያውም በአንድ መስመር የቆሙትን ሁሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ሻዶውሃርት ታርጥብ፣ ከዚያ ጌል ይተኩስ። የሁለቱ ተራ ጎን ለጎን ከሆነ ጌሙ አንዱን ትታችሁ ወደ ሌላው እንድትዘሉ ይፈቅዳል፤ የፊቱን ወደኋላ አድርጋችሁ ማን ቀድሞ እንደሚሠራ እናንተ ትመርጣላችሁ። ተጠንቀቁ፣ የራሳችሁ ሰው ውኃው ውስጥ ከቆመ እሱም ረጥቧል። ደግሞ ውኃ እሳትን ያዳክማል፤ አርጥባችሁ በእሳት አትምቱ።

ኮንሰንትሬሽን የሚጠይቅ ድግምት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ይፈርሳል። ሲመታም ሊፈርስበት ይችላል። ስለዚህ ብሌስ የሚባለውን የበረከት ድግምት የያዘችው ሻዶውሃርት ከፊት አትቁም። በተቃራኒው ደግሞ የጠላትን አስማተኛ መጀመሪያ ምቱት፣ ባይሞትም የያዘው ነገር ሊወድቅ ይችላል። ሰውን ባለበት የሚያስቆመውን ድግምት ካገኛችሁ ደግሞ አጠገቡ ሆናችሁ የምትመቱት እያንዳንዱ የተሳካ ምት ክሪቲካል፣ ማለትም ዳይሱ እጥፍ የሚሆንበት ምት ይሆናል። ሰው መሳይ አለቆች ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ጓድ ሲወድቅ አትደናገጡ። ወዲያው አይሞትም። ከሩቅ በትርፍ ድርጊት የምትጥሉት የፈውስ ቃል ያስነሳዋል፤ የመድኃኒት ጠርሙስ መሬት ላይ ብትወረውሩም በዙሪያው ያሉትን ይፈውሳል። አጠገቡ ሄዶ ማስነሳት ዋና ድርጊት ይበላል፣ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት።

ፍጥነት የሚሰጠው ድግምት አስደሳች ነው፤ ሲያልቅ ግን ሰውየው አንድ ተራ ሙሉ ደንዝዞ ይቆማል። ውጊያው የሚያልቅ በሚመስልበት ጊዜ እንጂ ገና ሲጀመር አትስጡት።

3. ተኙ

ይሄን የምለው ከልቤ ነው። የጓዶቹ ታሪክ የሚሄደው ማታ ካምፕ ውስጥ ነው። ብዙ ትዕይንቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ በአንድ ሌሊት ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ይወጣል። ምግብ እቆጥባለሁ ብላችሁ ሳትተኙ ከከረማችሁ ወረፋው ይጠራቀምና ምዕራፉ ሲያልቅ ከፊሉ ይጠፋል። አንድ ረጅም እረፍት 40 የምግብ ነጥብ ይበላል፣ በከባዱ በታክቲሽያን ደረጃ 80። ምግብ በየበርሜሉ ሞልቷል፤ ሰብስቡና ወደ ካምፕ ላኩት። በየመሀሉ ሁለት አጭር እረፍት አለ፣ እነሱንም ተጠቀሙ።

ሁለት ቦታዎች ላይ ግን እንቅልፍ ይጎዳል። የሚቃጠለውን የዋኪንስ ሬስት ማረፊያ ካያችሁ እዚያው ጨርሱ፤ ተኝታችሁ ከመጣችሁ ውስጥ ያሉት ሞተዋል። ግሪምፎርጅ የሚባለው ቦታ ውስጥ ደግሞ ናዳ የዘጋበት ኒር የሚባል ሰው አለ፤ ቀናት ካሳለፋችሁ መርዙ ይገድለዋል። ከእነዚህ በስተቀር በመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ በሰላም መተኛት ትችላላችሁ።

ካምፕ ስትገቡ ጭንቅላቱ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበትን ሁሉ አናግሩ። ሁሉንም ማስደሰት አትችሉም። ቫምፓየሩ ጓድ አስታሪዮን የሚወደውን ነገር ዊል ይጠላዋል። ጌል አስማታዊ ዕቃ ስጡኝ ሲል ግን ስጡት፣ ደካማ ደካማውን እየመረጣችሁ። ከከለከላችሁት ይሄዳል።

4. የጎብሊኖቹ ካምፕ

እዚህ የምትመርጡት ነገር ግማሹን ቡድን ይወስናል። ከጎብሊኖቹ አለቆች አንዷ ከሆነችው ከሚንታራ ጋር ሆናችሁ የድሩይዶቹን መንደር ካጠቃችሁ ዊልና ካርላክ ይለዩአችኋል፣ የድሩይዶቹ መሪ ሃልሲንም የለም፣ እዚያ የተጠለሉት ቀንዳሞቹ ቲፍሊንጎችም ያልቃሉ። ከቲፍሊንጎቹ መሀል አንጥረኛው ዴመን አለ። እሱን በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እንግዲህ ሦስቱን የጎብሊን አለቆች መግደል ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀን በአንድ ጫጫታ አትሞክሩ። ቄሷን ጋትን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ስላለው ትል ስታወሯት ከሕዝቡ ለይታ ወደ ጓዳዋ ትወስዳችኋለች፤ እዚያ ጨርሷት፣ በሩን ዝጉ። ድሮር ራግዝሊን ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ከላይ ባሉት ወራጆች ላይ ቀስተኛ አስቀምጡ። ጎብሊን ወደ ከበሮ ሲሮጥ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን ጣሉት፤ ከበሮ ከተመታ ግቢው ሁሉ ይመጣባችኋል። ድቡ ሃልሲን ነው፣ እንዳትመቱት።

ሚንታራን በኋላ በቡድናችሁ ለማስገባት ከፈለጋችሁ የማይገድል ጥቃት የሚለውን አብሩና የመጨረሻውን ምት በእጅ ወይም በሰይፍ ስጧት። በቀስትና በድግምት አይሠራም። ገደል አፍ ላይ ስለምትቆም መግፋት ያምራል፣ ግን ያኔ እሷንም ዕቃዋንም አጣችሁ። ራሷን ስታ ከቀረች በሁለተኛው ምዕራፍ ሙንራይዝ ታወር ውስጥ ታገኟታላችሁ። ይሄ በኋላ በወጡት ማሻሻያዎች የተስተካከለ ነውና ጌማችሁን አድሱ።

ከዚህ ክልል ከመውጣታችሁ በፊት ኢንፈርናል አይረን የሚባለውን ብረት ፈልጋችሁ ካርላክን ይዛችሁ ዴመን ጋ ሂዱ። የመጀመሪያው ጥገና እዚህ ነው። ሌይዜልን ደግሞ ይዛችሁ በተራራው መንገድ ወዳለው ገዳም ውጡ፤ የወገኖቿ ማደሪያ ከሥሩ ነው። ንግሥቷ ቭላኪት ያታለለቻት መሆኑን የምትረዳው ከዚያ በሚጀምር ታሪክ ነውና ያለ እሷ አትግቡ።

5. ላስት ላይት፣ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠልበት ክፍል

በጨለማው አገር መሀል በብርሃን ጉልላት የተከበበ ማረፊያ አለ። ብርሃኑን የያዘችው ኢሶቤል ናት። እሷን ፎቅ ላይ ወጥታችሁ ስታናግሯት፣ ሳታስቡት ማርከስ የሚባል ክንፍ ያወጣ ሰው ሊወስዳት ይመጣል። እሷ ከወደቀችና ከተወሰደች ብርሃኑ ይጠፋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በጥላው ይበላል። ዴመንም ከእነሱ ጋር። የካርላክ ሁለተኛ ጥገና እዚያው አበቃ።

ስለዚህ ማረፊያው ስትደርሱ ቀጥታ ፎቅ አትውጡ። መጀመሪያ የማረፊያውን ተዋጊዎች የምትመራውን ጃሄራን አናግሩ። ከዚያ ካርላክን ይዛችሁ ጋጣው አካባቢ ዴመን ጋ ሂዱ፣ ሁለተኛውን ብረት ስጡት። ይሄን ካስጨረሳችሁ በኋላ ካርላክ ሰው ሳታቃጥል መንካት ትችላለች፤ ትዕይንቱን እንዳያመልጣችሁ ሌላ ነገር ሳትጀምሩ እዩት። ዕቃ የምትገዙትን ግዙ። ተኙ። ሴቭ አድርጉ። አሁን ውጡ።

ፎቁ ላይ የሚያናግራት አንዱ ይሁን። ካርላክ ወይም ሌይዜል ኢሶቤል ጎን ትቁም፣ ሌላው በረንዳው በኩል፣ ሻዶውሃርት ደግሞ ኢሶቤልን በምታይበት ቦታ። ሲጀመር ክንፋሞቹ ጭራቆች ይገባሉ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ጭራቆቹን አንድ በአንድ ማደን ሲጀምር ነው። አትከተሏቸው። ሙሉ ጉልበታችሁን ማርከስ ላይ አድርጉ። ኢሶቤል ራሷ እየተዋጋች ወደ መሀል ትገባለች፣ ልታስቆሟት አትችሉም። ስለዚህ ሻዶውሃርት ተራዋን በሙሉ ለእሷ ትስጥ፤ ትንሽ እንኳ ከተጎዳች ፈውሷት፣ ግማሽ እስኪደርስ አትጠብቁ።  ለዚህ ሲባል ሻዶውሃርት በእያንዳንዱ ዙር አንድ የፈውስ ቃል የምትጥልበት ትርፍ ድርጊት ይኑራት።

6. ሙንራይዝን ከማጥቃታችሁ በፊት

የሙንራይዝ ጌታ ወደሆነው ወደ ኬትሪክ ከወጣችሁ በኋላ ወደኋላ የማይመለሱ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የሃልሲንን ጨርሱ፦ ማረፊያው ውስጥ ተኝቶ የሚቃዠውን አርት ካላግን ከቀሰቀሳችሁ በኋላ ሃልሲን በሐይቁ ዳር በር ይከፍታል፣ እናንተ በሩን ትጠብቃላችሁ። ጠላት ከየአቅጣጫው ይመጣል። በሩን እንጂ ራሳችሁን አትከላከሉ፤ መንገዱን በእሾህና በእሳት ሸፍኑት፣ አራታችሁም በሩ ዙሪያ ሁኑ። የአገሩ መንፈስ የሆነው ታናኤል ከወጣ በኋላ ሃልሲን ቡድኑን ይቀላቀላል።

ከዚያ የሻዶውሃርት ፈተና። የምታመልካት የጨለማ አምላክ የሻር መቅደስ ውስጥ ስትገቡ እሷ የግድ አብራችሁ ትሁን። የኬትሪክን አገልጋይ ባልታዛርን እዚያው በክፍሉ ጣሉት፣ አለበለዚያ እዚያ ከታሰረችው ከናይትሶንግ አጠገብ ትገጥሙታላችሁ። ሻዶውሃርት ናይትሶንግን ልትገድል ጦሩን ይዛ ስትቆም ብዙ ሰው ሊከለክላት ይጮኻል። እስካሁን በደንብ ከቀረባችኋት እንደምታምኗት ንገሯትና ውሳኔውን ለእሷ ተዉት። ጦሩን ራሷ ትጥለዋለች። በራሷ ስትወስን ማየት በዚህ ጌም ውስጥ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ቅጽበት ነው። ናይትሶንግን ከገደለቻት ግን የኢሶቤል ብርሃን አብሮ ይጠፋል፤ ላስት ላይት ላይ የለፋችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሙንራይዝ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ሁለት ወጥመድ አለ። ዊል ውል የገባላትን ሰይጣን ማይዞራን አንድ ክፍል ውስጥ ታስራ ታገኟታላችሁ። ብትጠሏትም አውጧት፤ እዚያ ከሞተች ዊልን ለዘለቄታው ታጡታላችሁ። ጌል ደግሞ ራሱን ላፈንዳ ይላል። እሺ ካላችሁት ጌሙ እዚያው ያልቃል። አቁም በሉት።

7. ከተማው ውስጥ

ዊል ማይዞራ ምርጫ ስትሰጠው፣ ውሉን አፍርስ በሉት። አባትህ ይሞታል ትላለች። ውሸት ባይሆንም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ አባቱን፣ ማለትም ዱኩን፣ አይረን ትሮን በሚባለው የባሕር ሥር እስር ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ውጊያ ነው። ጠላት ለመግደል አትቁሙ። አራቱን ጓድ በየኮሪደሩ በትኑ፣ ፈጣኑን ወደ ዱኩ ላኩ። ያስቀመጣችሁትን የፍጥነት መድኃኒት ሁሉ እዚህ ጠጡ። ሌላ ሰው ይዞ የሚዘል የበር ድግምት ያለው ጌል ከሆነ ዱኩ ጋ እሱ ይሂድ። ከክፍሉ የወጣ እስረኛ ሁሉ በራሱ ተራ ይሮጣል፤ መንገዱን ብቻ ክፈቱለት። ሁሉንም ማዳን ባትችሉ ዱኩን አስቀድሙ።

አስታሪዮን ጋ ስትመጡ ወደ ቀድሞ ጌታው ወደ ካዛዶር ቤተ መንግሥት እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ውጊያው ሲጀመር ተጎትቶ ሥርዓቱ ላይ ይሰቀላል። አጠገቡ ሄዳችሁ እርዳታ በሚለው ድርጊት አውርዱት፣ ያንን በመጀመሪያዎቹ ተራዎች አድርጉት። ካዛዶር ቫምፓየር ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ድግምት ካላችሁ አምጡ። ሲያልቅ አስታሪዮን የእሱን ቦታ ልውሰድ ይላል። ዋጋው 7,000 ያህል ነፍስ ነው። አሳምናችሁ ልታስቆሙት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱን አብራችሁ በተጓዛችሁባቸው ንግግሮች ውስጥ ካገኛችሁት ደግሞ ይቀልላል። ሥርዓቱን ከፈጸመ ጠንካራ ተዋጊ ይሆናል፤ እኔ ግን ያ ሰው ከዚያ በኋላ የማውቀው አስታሪዮን አይመስለኝም።

ሚንስክ የሚባለውን ሌላ ጓድ ከፈለጋችሁ ጃሄራ በቡድኑ ውስጥ ሆና ሄዳችሁ ፈልጉት።

8. መጨረሻው

ዋናው ጠላት ከሆነው ከግዙፉ አንጎል ጋር የሚደረገው የመጨረሻ ፍልሚያ ከመጀመሩ በፊት ለብቻው የሚቀመጥ ሴቭ ይኑራችሁ። አንድ ሰው ማይንድ ፍሌየር፣ ማለትም አንጎል በላ ጭራቅ፣ መሆን አለበት። ንጉሠ ነገሥት የሚባለውን ማይንድ ፍሌየር ካመናችሁ እሱ ይሠራዋል፤ የታሰረውን የሌይዜል ወገኖች ልዑል ኦርፊየስን ከፈታችሁ ግን ወይ ኦርፊየስ፣ ወይ እናንተ፣ ወይ ካርላክ። ኦርፊየስን መፍታት ለሌይዜል ታሪክ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ካርላክ ላይ ተስፋ አትቁረጡ። ዴመን በከተማው ውስጥ መድኃኒት የለውም ይላታል፤ ድል ካደረጋችሁ በኋላ ወደቡ ላይ መቃጠል ትጀምራለች። እዚያ ጋ ወደ ሲኦሉ ወደ አቨርነስ ተመለሺ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ የሚል መስመር አለ። ዊል ውሉን ካፈረሰ እሱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ዝም ካላችኋት እዚያው ትሞታለች። ከሄደች ግን በኅዳር 2023 በተጨመረው፣ ከስድስት ወር በኋላ በሚደረገው የካምፕ ግብዣ ላይ ትመጣለች፤ ያኔ ማዕድ ሳትቀርቡ መጀመሪያ እሷን አናግሯት፣ ስለ ልቧ የምትነግራችሁ አዲስ ነገር አለ።